አምኖ

ሌትብሪጅ፣ ጥር ወር። ቺኑክ የሚሉት ነፋስ
ከተራራው ወርዶ በረዶውን ሲልስ፣
ትናንት መስታወት የነበረው ዛሬ ጭቃ በጭቃ፣
ጣራው ያንጠባጥባል፣ የተኛው ሁሉ ነቃ።

እኔ ግን ከዚያ ክፍል፣ መስኮት ከሌለበት፣
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሌት ከቀን ካለበት፣
በመዳፍ ልክ ሳህን ሕዋስ አሳድጋለሁ፤
ጠዋት እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ።

ሕዋሱ የመጣው ከአራት መቶ ዐሥራ ሰባት፣
ከዚያች ጆሮዋ ላይ ቢጫ ምልክት ካላት።
መንታ ወልዳ ነበር፣ አንድ እሑድ ሌሊት ላይ፤
አንዷ ቆማ ጠባች፣ አንዱ አላየም ፀሐይ።
ካላየው ላይ ቆረስኩ፣ ከጭኑ፣ ጥፍር ታህል፤
እሱ በርዷል፤ ሥጋው ግን አልሰማም፤
መርዶ ቀስ ይላል።

በጡንቻው ክር ጥግ የሚያደፍጥ ሕዋስ አለ፣
ካልጠሩት የማይነሣ፣ እንደ ተረሳ ያለ።
ሳተላይት ይለዋል መጽሐፉ፤ እኔ ግን
ተጠባባቂ እለዋለሁ፣ ወንበር ላይ የከረመውን።

ለመጀመሪያው ሳህን ጨውና ስኳር ብቻ፤
ለሁለተኛው ሉሲን ጨመርኩለት፣ በስልቻ
ሳይሆን በጠብታ፤ ለሦስተኛው እጥፉን።
ከዚያ መጠበቅ ነው፣ መቁጠር ነው ሰዓቱን።

የፊተኛው ዝም አለ፣ አሸዋ ድንጋይ ላይ፤
የሁለተኛው ግን፣ በአጉሊ መነጽር ሳይ፣
አንዱ ባንዱ ገብቶ፣ ተያይዞ፣ ክር ሠራ፤
በዘጠነኛው ማታ፣ መብራቱን ሳበራ፣
ከክሮቹ አንዱ ብቻውን ተኰማተረ።
መርዶ ያልሰማ ሥጋ። እጄ ቀረ ባየር።
የእጥፉስ? ከሁለተኛው አልበለጠም ምንም፤
ከጠገበ በላይ ሕዋስም አይበላም።

በረቱ የኦሬስት ነው። ነጩን እንክብል ቆጥሮ
ከገብስ ጋር ያሸዋል፣ በእጁ አሳምሮ።
ጥሬውን ብንሰጣት ጨጓራዋ ይቀማል፣
ለጀርሞች ድግስ ሆኖ መንገድ ላይ ይቀራል፤
ስለዚህ ሞራ አልብሰን፣ ደብቀን እንልካለን፣
እንደ ኮንትሮባንድ ኬላ እናሳልፋለን።

“አሚኖ” የሚለውን ሲጠራው ያሳጥራል፤
“አምኖ” ብሎ ይውጠዋል፤ ለጆሮዬ ያምራል።
“በኔ ቋንቋ፣” አልኩት፣ “ቃሉ ትርጉም አለው፤
መጨረሻውን ሳያይ እሺ ላለ ሰው ነው።”
ሳቀ። “እንግዲያ በጎቹን ጥሪያቸው በዚያ ስም፤
እኔ ሚዛን ካላየሁ ምንም አልቀበልም።”

ቅዳሜ ቅዳሜ ግልገሏን እንመዝናለን።
ጨምራለች። ግራም በግራም እንጽፋለን።
ክሯ እየወፈረ ነው፤ ክሯ ግን አይበዛም፤
ያ ሒሳብ በማህፀን ተዘግቷል፤ ዛሬ አይገዛም።
እናቷ በገለባ ብቻ የከረመች ጊዜ
ስንት እንደሚሆን ተቆጥሯል፣ ያለ እኔ፣ ያለ ጓዜ።

ይህን ስነግረው የእጁን አንጓ አየ፤
ቀጭን ነው፣ እንደ ልጅ። ዝም ብሎ ቆየ።
“እናቴ እኔን ስትፀንስ፣ ወደ ሰሜን፣ ቬግርቪል፣
በረዶ ገብሱን መትቶት፣ እንኳን ሥጋ ሊገኝ እንቁላል፣
ድንች ነበር ምሳዋ፣ ድንች ነበር ራት።
ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ብትሰጪኝስ ያን ዱቄት?”
“ይወፍራል ክሩ።”
“ቁጥሩስ?”
“ቁጥሩማ፣ ያው ነው ቁጥሩ።”

ከረጢቱን አነሣ፣ ሃያ አምስት ኪሎውን፣
በዚያው በቀጭን አንጓ፣ ሳይጠራ ሌላ ሰውን።
ወደ ግልገሏ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤
አለፋት። ቆመ ከእርጉዞቹ በር።
እነሱ በጥናቱ የሉም። ተራቸው አይደለም።
አየሁት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አልጮህኩም።
ገንዳው ውስጥ ሲያፈሰው ዝናብ የጣለ መሰለ፤
ሚዛኑን ዞሮም አላየ። ጓንቱን አራገፈ፣ ሄደ።

ማታ መዝገብ ከፈትኩ። የክፍሉን ሙቀት፣
የሳህኖቹን ቁጥር፣ የግልገሏን ክብደት፤
ከዚያ ባዶው መስመር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፣
እስክሪብቶ ነከስኩ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ከረጢት፦ አንድ ጎደለ።
ምክንያት፦ አምኖ።